እናቴን ሐይፋን ሳሳያት

እሁድ፣ ሜይ 11፣ 2014፣ ጠዋት 2 ሰ.
ሻይ ጠጥተናል። እማዬ መስኮቱ ዳር ናት፤ እንደ ትናንቱ። ከመርከዝ ክሊታ፣ ከአዲስ ገቢዎች ማረፊያ፣ ወጥታ እዚህ ክርያት ሐይም እኔ ጋ ከገባች ሁለት ወሯ። አንድም ቀን ብቻዋን ከደጅ አልወጣችም። እጠፋለሁ ትላለች። ከሥራ የሳምንት ሖፌሽ፣ ዕረፍት፣ ወስጃለሁ፤ ክርያት ቢያሊክ የምጦራቸውን ሽማግሌ አንዲት ጓደኛዬ ትይዝልኛለች። ከተማውን ላሳያት።
ማስታወሻዬ፣ ላንተ እውነቱን ልንገርህ፤ ቤት ውስጥ ዝምታዋን ፈርቼ ነው። ጎንደር ትቻት ስመጣ ሃያ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቀች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ፣ ማታ 12 ሰ.
ተራራው ወገብ ላይ ያለው የአትክልት ቦታ። ሣሩ እንደ ምንጣፍ። እማዬ ዙሪያውን አየች፣ ይህን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ የሚበላ ነገር አያፈራም ወይ አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 13
ሙዚየም፣ ባሕሩ አጠገብ። ድሮ አይሁዶችን በድብቅ ወደዚህ አገር ያመጣች መርከብ። ሆዷ ውስጥ የተደራረቡ አልጋዎች። ጽሑፉን ተረጎምኩላት። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። እማዬ የአልጋውን እንጨት ዳሰሰች።
"እነዚህንስ እናታቸው ሂዱ ብላቸዋለች?"
ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።
"ወደ እስራኤል ከሚሄዱት ዝርዝር ላይ ስምሽ ወጥቶ የኔ ሲቀር፣ ከቀድሞ ባልሽ ቤተሰብ ጋር ሂጂ ብዬ አውቶቡስ ላይ የገፋሁሽ እኔ ነኝ። ረሳሽው?"
አልረሳሁም። ግን እየገፋችኝ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ልቅሶዋን ብቻ ይዤ መጣሁ።
"ታዲያ ለምን ዝም ትይኛለሽ?"
"አንቺ ስትሸሺኝ ነዋ። ከሥራ ትመጫለሽ፣ ታበስያለሽ፣ ትተኛለሽ። የከበድኩሽ መስሎኝ።"
ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አለቀስኩ። እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችው። ከዚያ ራበን። ዳቦና ቲማቲም በላን።

ሐሙስ፣ ሜይ 15
ዩኒቨርሲቲው፣ ካርሜል ተራራ አናት ላይ። ከፎቁ ባሕሩም ከተማውም በሙሉ ይታያል። ቤታችን በየት በኩል ነው አለች። አሳየኋት። ወደዚያው ስታይ ብዙ ቆየች።
ታች፣ አንዲት የኢትዮጵያውያን ልጅ፣ ተማሪ፣ መጽሐፍ ታቅፋ መጣች።
"እማማ፣ ቤሰደር፣ ደህና ነሽ? ውሃ ላምጣልሽ?"
አንቺ አለቻት! እኔ አፈርኩ። እማዬ ሳቀች፤ ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም። እዚህ ተወልዳ አንቱታውን ከየት ታምጣው፣ አለችኝ። ውሃውን ጠጥታ ልጅቷን መረቀቻት። ስንመለስ ባቡር ውስጥ ስታወራኝ መጣች። መውረጃችንን ልናልፍ ነበር።

አርብ፣ ሜይ 16፣ ጠዋት 3 ሰ.
ለሰንበት ቤት እያጸዳሁ ነበር። ዞር ስል እማዬ ጫማ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። ባሕሩ ዳር ወዳለው መናፈሻ ልትሄድ ነው። ብቻዋን። መጥረጊያውን ጣልኩ።
"ተይ፣ ሥራሽን ሥሪ። ብጠፋ ጠይቄ እመለሳለሁ።"
በምን ቋንቋ? አላልኳትም። ወጣች። እርምጃዋ ደረጃው ላይ ይሰማኛል። ጫማዬን አጥልቄ ነበር። አወለቅሁት። አልከተላትም።