ኳርትዝ የጠፋበት ግራፍ

ፅጌረዳ፣

ሌላ አፈር ላመጣ ወገዳ፣ አባቴ ጋ ሄጃለሁ። ቁልፉ አከራያችን እትዬ አመተ ሥላሴ ጋ ነው። የውሃው በርሜል ሙሉ ነው። ሽሮ ሠርቻለሁ፤ ብዪው።

ለኤክስሬይ ምርመራ ያደረስሽልኝን ናሙና ውጤት አየሁት። የውሃ ማጣሪያው ዱቄት፣ ዚዮላይቱ፣ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ አማካሪያችንማ ደስታውን አልቻለውም። ያንን ነጭ አፈር ግን ከአባቴ ማሳ በእጄ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ጊዜ ዚዮላይት ሠርቼበታለሁ፤ ሰባቱንም ጊዜ አፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ፣ ያ የአሸዋ ማዕድን፣ ግራፉ ላይ ብቅ ብሏል፣ አንድም ቀን ለቆኝ አያውቅም። አንቺ ባመጣሽው ግራፍ ላይ የለም። ላቦራቶሪው ውስጥ መደርደሪያው ላይ ያለው፣ ከፋብሪካ የተገዛው ዚዮላይት ደግሞ ማሸጊያው ተቀዷል።

ቦርሳሽን በረበርኩ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ ለእሱ ይቅርታ።
የእኔ ናሙና እንዳሸግሁት እዚያው ነበር።

ምናልባት አዝነሽልኝ ይሆናል። ሁለተኛ እንዲህ አትዘኚልኝ! የመንደሬ ሰው የምንጩን ውሃ የሚያጣራው በእኔ ዱቄት ነው፤ በግራፍሽ አያጣራም።

አማካሪያችን ሰኞ ቢሮ ይገባል። እኔ የምመለሰው ማክሰኞ ነው።
ሰኞን ለአንቺ ትቼልሻለሁ።

ስንዱ