ለዘይነባ የፈረምሁት ቅጽ

ኅዳር 18

ኅዳር 9፦ የእንግሊዝኛ ቃላትን አመሠራረት ማስተማር ጀመርሁ፤ በክፍሉ ውስጥ አማርኛ መናገር ከለከልሁ።

ኅዳር 14፦ ከሆሳዕና የመጣችው ተማሪዬ ዘይነባ፣ ሌሎቹን ያቃታቸውን ረጅም ቃል ሥሩንና ቅጥያዎቹን በትክክል ለይታ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። እንዴት እንደለየችው በአማርኛ ማስረዳት ስትጀምር «በእንግሊዝኛ ካልሆነ ተቀመጪ» አልኋት። ክፍሉ ሳቀ።

ዛሬ፦ ከእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ወደ ሌላ መቀየሪያ ቅጽ ይዛ ቢሮዬ መጣች።

«ቲቸር፣ ይፈርሙልኝ።»

«ለምን ትለቂያለሽ?»

«በየትኛው ቋንቋ ልንገርዎት?»

ቅጹን ተቀበልኋት። ፈረምሁ።

ከጉርድ ሾላ እስከ የካ ሚካኤል፣ ታክሲ ውስጥ፣ ደንቡን ያወጣሁት ለተማሪዎቹ ብዬ እንደሆነ ለራሴ ሳስረዳ መጣሁ። የማስረዳውም በአማርኛ ነበር።

ያን ቀን መልሷ ትክክል እንደነበረ አልነገርኋትም። ዛሬም አልነገርኋትም።