እማማ ዘውዲ በር ላይ ስለተተከለው መብራት አልባ ምሰሶ

ለክቡር የአካባቢያችን አስተዳደር (ካውንስል) የትራንስፖርትና የንጹሕ አየር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ደቡብ ለንደን፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች በሙሉ፣ በተለይም በደወልኩ ቁጥር ሳይታክት ሙዚቃ ለሚያሰማኝ የስልክ መሣሪያ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኛ የዚህ መንገድ ነዋሪዎች፣ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና፣ ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆኑትም ከቤት ስለማይወጡ አይታዩም።

ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌ እንዳይገርምዎ። ካውንስሉ በሚልክልን ወረቀት ሁሉ ግርጌ «ይህን መልእክት በቋንቋዎ ከፈለጉ ይንገሩን» የሚል የደግ ሰው ቃል በብዙ ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል፤ አማርኛችንም መጨረሻው መስመር ላይ ተጠግቶ ቆሟል። በእንግሊዝኛ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች እስካሁን መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ቋንቋው ለጽሕፈት ቤትዎ ከብዶ ይሆናል ብዬ በዚህኛው ልሞክር ተነሣሁ። አስተርጓሚ ቃል ገብታችኋልና አታጡም።

ስሜ ዓለምሰገድ ይባላል፤ የሚኒካብ ታክሲ ሾፌር ነኝ። የምነዳት መኪና የኤሌክትሪክ ናት፤ ስለዚህ እባክዎ የናፍጣ ናፋቂ አድርገው እንዳይመዘግቡኝ። ያሳተማችሁትን ባለቀለም መጽሔት ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ ምሰሶ በኖርዌይ እንዴት እንደበዛ፣ በቻይና ከተሞች እንዴት እንደተስፋፋ፣ በዓለም ዙሪያ እንደ እንጉዳይ እየፈላ መሆኑን፣ የእኛም መንገድ ከዚህ ታላቅ ግስጋሴ ጋር መቀላቀሉን በሚያምር ሁኔታ ገልጻችኋል። ከመንገዳችን ምሰሶ ፎቶግራፍ ሥር «መጪው ዘመን በደጃፍዎ» ይላል። በዚህ አንከራከርም፤ መጪ ነው፣ ገና አልመጣም።

ታዲያ ጊዜዎን ላለማባከን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እናንተ መሥሪያ ቤት ቁጥር እንደሚወደድ ከመጽሔቱ ተረድቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መብራቱ። ምሰሶው ባለፈው መስከረም ተተከለ፤ አጠገቡ ያለው የመኪና ማቆሚያ አረንጓዴ ተቀባ፤ «ቻርጅ በማድረግ ላይ ላሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ» የሚል ሰሌዳ ቆመ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ኤሌክትሪክ ነው። ሰሌዳው በተተከለ ማግሥት ደስ ብሎኝ መኪናዬን አቁሜ ገመዱን ሰካሁ። በመንገዳችን የመጀመሪያው ተጠቃሚ ለመሆን ጓጉቼ እንደነበር አልደብቅዎትም። መኪናዬ አንዲት ጠብታ አልጠጣችም፤ እኔ ግን «ቻርጅ ሳያደርጉ በመቆም» የሚል የቅጣት ወረቀት ደረሰኝ። ስደውል፣ ምሰሶው የተከለው ድርጅት ንብረት ነው፣ መስመሩ የመብራት ኩባንያው ነው፣ የእግረኛው መንገድ ደግሞ የእኛ ነው ተባልኩ። ጉድለቱ የማን እንደሆነ ስጠይቅ ሙዚቃው ተለቀቀልኝ። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ፤ እኛ ግን በሰማይ ባለችው ላም ቅጣት ስንከፍል የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም። እስከዚያው ቻርጅ ለማድረግ ክሮይደን ድረስ እሄዳለሁ፤ እዚያ ተራ ስጠብቅ መጽሔታችሁን ደግሜ አነበዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ንዋይ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ እሱም እንደ ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ከግቢው ሶኬት ገመድ ስቦ ሲሞላት ያሳድርና ጠዋት ሥራው ይሄዳል፤ መብራት በሄደ ቀን ደግሞ መብራት ኃይልን ሲራገም ይውላል። የእኛን ምሰሶ ታሪክ በስልክ ስነግረው «እዚያም መብራት ይጠፋል እንዴ?» አለኝ። አይጠፋም፣ ለመጥፋት መጀመሪያ መምጣት አለበት ብዬ መለስኩለት። ለአገሩ አዘነ ይሁን ለእኔ አልገባኝም።

ሁለተኛው አጭር ነው። በዓመታዊ ሪፖርታችሁ «አገልግሎት የሚሰጡ ምሰሶዎች» ከተባሉት ውስጥ የእኛም ተቆጥሯል። የሚሰጠው አገልግሎት ምን እንደሆነ ቢገለጽልን፣ እኛም እንድንጠቀምበት ነው።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ቀልዴን መቀነስ ይኖርብኛል።

ከቤቴ ቀጥሎ ባለው በር እማማ ዘውዲ ከባለቤታቸው ከጋሽ ተኽለሃይማኖት ጋር ይኖራሉ። የአስመራ ሰዎች ናቸው፤ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ፣ የእኔን የተንሻፈፈ ፊደል እስከ ዛሬ የሚያርሙ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጨዋ ሰዎች። እማማ ዘውዲ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። በራቸው ፊት ለፊት የአካል ጉዳተኞች መኪና ማቆሚያ ነበራቸው፤ የእግረኛው መንገድ ጠርዝም ለወንበሩ እንዲመች እዚያው ዝቅ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር። እሑድ ጠዋት መኪናዬን እዚያ አቆማለሁ፤ ጋሽ ተኽለሃይማኖት ወንበሩን እየገፉ ይመጣሉ፤ እማማ ዘውዲ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ይገባሉ፤ ወንበሩ ይታጠፋል፤ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ከሳምንቱ ውስጥ ያቺ የእሳቸው ቀን ነበረች። ሌላውን ቀን ሁሉ የሚታገሡት እሷን እያሰቡ ነው።

ምሰሶው ሲመጣ ያ ቦታ አረንጓዴ ተቀባና የእሳቸው ማቆሚያ ወደ መንገዱ ጥግ ተዛወረ። ዝቅ ያለው ጠርዝም አብሮ ወደ ጥጉ ሄደና በራቸው ላይ የነበረው እንደ ሌላው ከፍ ተደርጎ ተገነባ። ምሰሶው ራሱ የቆመው ደግሞ፣ ሁለት የብረት ጠባቂዎች ግራና ቀኝ ተመድበውለት፣ ከበራቸው ወደ ጥጉ በሚወስደው የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። መንገዳችን ጠባብ ነው፤ በምሰሶውና በአጥሩ መካከል የቀረው ክፍተት ለድመት ይበቃል፣ ለእኔም ሆዴን ከሳብኩ ይበቃል፣ ለዊልቸር ግን አይበቃም። በሌላው አቅጣጫ እንዳይዞሩ የአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር መንገዱን ፈንቅሎታል። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የአካል ጉዳተኞች ማቆሚያ አለን፤ የሚደርሱበት ግን አካል ጉዳተኛ ያልሆኑት ብቻ ናቸው።

መላ አላጣንም ነበር። እኔና የጋናው ጎረቤታችን ወንበሩን ከእነእማማ ዘውዲ አንሥተን ከፍተኛውን ጠርዝ እናሻግራቸውና በአረንጓዴው ቦታ ካቆምኳት መኪናዬ እናስገባቸው ነበር። ይህን ስናደርግ የእናንተ ካሜራ በትጋት ሥራ ላይ ኖሯል። የቅጣቱ ወረቀት ከነፎቶግራፉ መጣ። ፎቶው በጣም ጥራት አለው፤ እኔ በግራ፣ ጎረቤቴ በቀኝ፣ እማማ ዘውዲ መካከላችን አየር ላይ ተንጠልጥለው፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ፣ በአንድ እጃቸው አንገቴን ጨብጠው ይታያሉ። ይግባኝ ለማለት ይረዳል ብዬ በሞኝነት አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝና «ልጄ፣ ሰው በሸክም ከቤቱ የሚወጣበት ቀን አለው፤ የእኔ ገና ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልወጡም። ሁዳዴ ሙሉውን ቤት ዋሉ። የዘንድሮን ፋሲካ ቅዳሴውን በስልክ ሰሙት፤ ስልኩ መሀል ላይ ተቋረጠና «ክርስቶስ ተንሥአ»ን ጋሽ ተኽለሃይማኖት ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን አሉላቸው። ትሕትናዬ እዚህ ጋ ቢጎድል ይቅርታዎን እለምናለሁ። ተናድጃለሁ። አንድ ምሰሶ መኪና ባይሞላ እታገሣለሁ፤ ሰው ሲያስር ግን ልታገሠው አልችልም። የእኛ ሰው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል፤ እናንተ አጥሩን አልነቀነቃችሁትም፣ ደጁን ዘጋችሁት እንጂ።

አራተኛ፣ ስለ ምክክሩ። ይህ ሁሉ የተደረገው በነዋሪው ፈቃድ ነው ብላችኋልና ፈቃዱ እንዴት እንደተገኘ ልንገርዎ። ምሰሶው ከመተከሉ በፊት ሁለት ትሑታን ሠራተኞቻችሁ ታብሌት ይዘው በር በር ሲያንኳኩ ነበር። ጋሽ ተኽለሃይማኖት አስገቧቸው፤ ሻይና ብስኩት አቀረቡላቸው፤ ጤናቸውን፣ የወላጆቻቸውን ጤና ጠየቋቸው። ልጆቹ ማቆሚያው ወደ ጥጉ ቢዛወር ምን ይመስልዎታል ሲሏቸው ጋሽ ተኽለሃይማኖት «መልካም አስባችኋል። እስቲ እንመካከርበት። ለሁሉም እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና እስከ መንገድ ሸኟቸው።

በእኛ ዘንድ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህ እምቢታ ነው። ከዚህ የበለጠ እምቢታ ጋሽ ተኽለሃይማኖት በሕይወታቸው ተናግረው አያውቁም። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ሲባል ያደገ ሰው ቤቱ ገብቶ ሻዩን የጠጣን እንግዳ ፊት ለፊት አይሆንም አይለውም፤ ነገሩን ያለሰልሳል፣ ለእግዚአብሔር ይሰጠዋል፣ እንግዳውም ይገባውና ሁለተኛ አያነሣውም። ልጆቹ ግን አልገባቸውም። ልጄ ብፅዓት ሪፖርቱን ከድረ ገጻችሁ አውጥታ ስታነብልኝ «አባዬ፣ የጋሽ ተኽለ ቤት እኮ ስትሮንግሊ ሰፖርት ያደርጋል ነው የሚለው፤ እንዴት እንደዚህ ይላሉ? ሚስታቸው ናት እኮ!» አለችኝ፤ አጥብቆ ይደግፋል ማለቷ ነው። ሳቅኩ መሰለኝ። ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው ግን ጋሽ ተኽለሃይማኖት አልሳቁም።

እኚህ ሰው ከዚያ ወዲህ «እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁባት» እያሉ ነው የሚኖሩት። እማማ ዘውዲ አንድም ቀን አልወቀሷቸውም፤ ቢወቅሷቸው ይሻል ነበር። የኃምሳ ዓመት ባልና ሚስት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንዳቸው የሌላውን ዐይን ሲሸሹ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ በታብሌት የሚሞላ ነገር አይደለም። ለእንግዳ ያሳዩት ጨዋነት በገዛ ሚስታቸው ላይ ምስክር ሆኖ ተቆጠረባቸው። እንግዳ አክባሪነትን እንዲህ አድርጋችሁ ስለመነዘራችሁልን የሚገባችሁን ምስጋና ለማቅረብ ቃል አጥቻለሁ።

ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው። ወይ ምሰሶው ይነሣ፣ ወይ የእማማ ዘውዲ ማቆሚያና ዝቅ ያለው ጠርዝ ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ምሰሶው ስትሪትሃምም ይሂድ ዌምብሊ፣ መብራት ያለበት አገር ይግባ፤ እኔ ራሴ ከኋላው ነድቼ እከተለዋለሁ።

ጋሽ ተኽለሃይማኖትም የቀድሞ መልሳቸው እንዲታረምላቸው ይፈልጋሉ። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠዋል። በመጀመሪያ «ትንሽ አስቸጋሪ ሆኗል በላቸው» አሉኝ፤ ጻፍኩ፤ አዩትና አሰረዙኝ። ቀጥለው «ቢታሰብበት መልካም ነበር በላቸው» አሉ፤ እሱንም አሰረዙኝ። እማማ ዘውዲ ከወዲያኛው ክፍል ያስሉ ነበር። ጋሽ ተኽለሃይማኖት ወደዚያ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደሚያፍር ሰው፣ «አይሆንም በላቸው» አሉኝ። እነሆ ብያለሁ። አይሆንም። በታብሌታችሁ ላይ ለዚህ ቃል ቦታ ካለ እንዲመዘገብልን በትሕትና እንጠይቃለን።

የጊዜዎን ውድነት እያወቅሁ ስላደከምኩዎ፣ በማያነቡት ቋንቋ ስላስቸገርኩዎ፣ ከዓለም ግስጋሴ ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ ስለመለስኩዎ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ፈጣሪ ረጅም ዕድሜና ጉልበት የማይከዳው እግር እንዲሰጥዎ፣ ደጅዎም ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን እመኛለሁ።

እጅግ የከበረ አክብሮቴን የማቀርብልዎ፣
የምሰሶው ጎረቤት፣
ዓለምሰገድ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ሳልጨርስ ከጽሕፈት ቤትዎ የግብዣ ካርድ መጣ። በሚቀጥለው ወር እርስዎ በተገኙበት ምሰሶው በይፋ ሊመረቅ ነው፤ ሪባኑ የሚቆረጠው ከምሰሶው ማዶ፣ በጥጉ በኩል ነው፤ «ልማታችን ሁሉንም የሚያካትት መሆኑን ለማሳየት» በዊልቸር የምትሄድ ነዋሪ ሪባኑን ብትቆርጥና ከእርስዎ ጋር ፎቶ ብትነሣ ደስ ይላችኋል። እማማ ዘውዲ ካርዱን አንብበው ግብዣውን ተቀብለዋል። በዕለቱ ነጠላቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ይጠብቁዎታል፤ ወንበራቸውን ገፍተው የሚያደርሷቸው እርስዎ ራስዎ ነዎት። ፎቶ አንሺው ከዚያ ይጀምር።