የማስትሮ ሊሳንድሮ ቀኝ እግር

ቦያካ፣ ቅዳሜ

ውድ ኦፌሊያ፣

የሙዚቃ ባንዳችንን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ኖታዎች ታብሌቱ ውስጥ አስገብቼ በፊደል ተራ ለማደራጀት ሦስት ወር እንደፈጀሁ ታውቂያለሽ። መሪያችን ማስትሮ ሊሳንድሮ ግን ዛሬ ጠዋት፣ «መምህርት ሄርሚኒያ፣ ይሄ መስታወትሽ ውድድሩ ላይ ካዋረደኝ ወደ ወረቀቴ እመለሳለሁ!» ብሎ ዛተብኝ።

ገጹ የሚገለጠው በእግር በሚረገጥ ቁልፍ ነው። እሱ ደግሞ እንደምታውቂው በቀኝ እግሩ ምት ካልመታ ባንድ መምራት አይሆንለትም። ልምምድ ላይ ገና ስድስቴ እንደረገጠ ታብሌቱ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰ። «ይሄ ዕቃ ቀድሞኝ ቤቱ ሊገባ ነው እንዴ?» ሲል ክላርኔት ነፊዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

የሰባ ዓመት እግር ተው ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ ቁልፉ ገመድ የለውምና ቀስ ብዬ አነሳሁት፤ በቦታው የጫማ ቀለም ቆርቆሮ አስቀመጥኩ። ውድድሩ ላይ ከኋላው ተቀምጬ ገጹን በራሴ እግር ስገልጥለት፣ እሱ ቆርቆሮውን ሲረግጥ ዋለ። ለውድድሩ የመጣንበት የዚህ ተራራ ንፋስ ከእኛ አገር ወንዝ ንፋስ ይብሳል፤ የልብስ መቆንጠጫ እንኳ የሌሎቹን ባንዶች የኖታ ወረቀት ከመበተን አላዳነውም። እኛ ሁለተኛ ወጣን!

አሁን «ማሽኑ እግሬን ለመደው» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። አደራሽን፣ የቆርቆሮውን ነገር እንዳትነግሪው።

የፖስትካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እህትሽን ሳሚልኝ።
ሄርሚኒያ

ፖስተኛው ዊልፍሪዶ፣ እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ። ለአጎትህ ለሊሳንድሮ ትንፍሽ እንዳትል፤ አራተኛ ክፍል የኮረጅከውን ፈተና እኔም እስካሁን ለእናትህ አልነገርኩም።