የሐሙስ ጠረጴዛ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ስድስት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። የምሠራበት ላውንደሪ እንፋሎት ዛሬም ራስ ያዞራል። ከሰዓት ፓስተሩ ገበሩ የተቀደደ ኮት ይዘው መጡ። ኮቱ ሰበብ ነው።

ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ትቷል፤ እንግዲያው እኛ እንውጣ ነው ነገሩ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ካፌ፣ ሐሙስ ከአስር ሰዓት ጀምሮ፣ የጥጉ ጠረጴዛ። ስብከት የለም፣ መዝሙር የለም... ጨዋታ ብቻ። የከበደው ነገር ያለ ሰው መጥቶ ያወራል።

«ማን ይመራዋል?» አልኩ።

«አንቺ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«እኔ ማውራት አልችልም እኮ።»

«ለዚያ ነው። የሚያወራ ሞልቶናል። የሚሰማ ነው የጠፋው።»

የሚሰማ... ቢያውቁ።

ማታ አብራኝ ለምትኖረው የእህቴ ልጅ ነገርኳት። ከምትሠራበት ፋርማሲ ደክሟት ነው የምትመጣው። ጫማዋን እያወለቀች «አክስቴ፣ ከስፌት መኪናሽ ሌላ ከማን ጋር አውርተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

እሺ አልኳቸው። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም... ወይስ አውቃለሁ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የመጀመሪያው ቀን። ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ። አንዷ የቤተ ክርስቲያኑን ልጆች የምታስተምረው አስተማሪ ናት፤ ለሁሉ ነገር ጥቅስ አላት። ሌላው ጋሽ ፍሬን። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ሲሄዱም ሲያወሩም ድንገት ቀጥ ይላሉ።

ባለካፌዋ ከባንኮኒው ሆና «እኔ ቤተ ክርስቲያን አልሄድ ስል ቤተ ክርስቲያን ራሷ መጣችብኝ» አለች።

«አንቺማ እዚያ ከሄድሽ ቡናውን ማን ያቀጥንልናል?» አሉ ጋሽ ፍሬን።

ሳቅን። ከዚያ ስኒያቸውን እያዞሩ «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደምነሳ አይገባኝም» አሉ። ቀጥ አሉ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? «እንጸልይ» አልኩ። ልማዳችን ነው፤ ከባድ ነገር ሲነሳ ዓይን ይጨፈናል። ጸለይኩ። መሃል ላይ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

ዓይኔን ስገልጥ የሉም።

ሮጬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ደረስኩባቸው። እጃቸውን ስይዝ አጥብቄባቸው ኖሯል፣ ደነገጡ።

«ምነው ልጄ?»

«ለምን ሄዱ?»

«ጸሎቱ ጥሩ ነበር» አሉ። «ግን አልጨረስኩም ነበር።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

እጄ ሥራ አልያዘልኝም። ሁለት መርፌ ሰበርኩ።

ያ የወንበር ድምፅ... ስምንት ዓመት ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ዓይኔን አልጨፍንም። ማንም አላወቀብኝም፣ ሁሉም ጨፍኗላ። ትናንት ግን መሪ ነኝ ብዬ ጨፈንኩ።

እዚህ ልጻፈው። ለሰው ነግሬው አላውቅም።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ታላቅ እህቴ ሳትነግረኝ ቤቴ መጣች። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። «ደክሞኛል» አለች። «መኖር ደክሞኛል። አንድ ነገር...» ብላ ጀመረች። እኔ «ቆይ፣ ልጸልይልሽ» አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ወንበሩ ሲንፏቀቅ ሰማሁ። ልትንበረከክ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ጸሎቱን አስረዘምኩት።

ዓይኔን ስገልጥ የለችም። በማግስቱ ወንዙ ዳር ሞታ አገኟት።

«አንድ ነገር...» ምን ልትል ነበር? እኔ ማንበብ የተማርኩት ከሱቅ መጠቅለያ ነው፣ ከቁራጭ ጋዜጣ። ግማሹን አነባለሁ፣ የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ። ሰውንም እንደዚያ ነው የማነበው?

ልጇ እናቷ ለማንም ሳትናገር የሄደች ይመስላታል። እንደዚያ ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ደንብ አወጣሁ። የሚናገረው ሰው በራሱ አፍ «ጨርሻለሁ» እስኪል ድረስ ጸሎት የለም፣ ጥቅስ የለም፣ «አይዞህ» የለም።

«አይዞህም?» አለች አስተማሪዋ።

«አይዞህም።»

ጋሽ ፍሬን አርባ ደቂቃ አወሩ። ሚስታቸው ከአውቶቡሱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አብራቸው ትውል እንደነበረ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ በስሙ ታውቅ እንደነበረ... አስተማሪዋ ጥቅሷ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች። በመጨረሻ «ጨርሻለሁ፤ አሁን ቡና» አሉ። ባለካፌዋ ለካ አጠገባችን ተቀምጣለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም።

ወደ ቤት ስሄድ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። የእህቴ አረማመድ፣ ግራ እግሯን ጎተት የምታደርገው። ዘወር አልኩ። ማንም የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ሰባት ሰው መጣ። አንዷ የእህቴ ልጅ። ከእናቷ ቀብር ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጣ አታውቅም። «ካፌ ነው ብዬ ነው» አለች።

ሰው ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ እሷ ጀመረች። «እናቴ ለአንድ ሰው እንኳ ብትናገር ኖሮ... ለእኔ ይቅር፣ ለአንድ ሰው። ሁላችንንም እንደ ባዕድ ነው ያየችን። ይቅር ልላት አልቻልኩም።»

«ጨረስሽ?» ማለት ነበረብኝ። ጋሽ ፍሬን ጠየቁልኝ።

«ጨርሻለሁ» አለች።

ራሴን ላተርፍ እህቴን በልጇ ዘንድ አስጠላኋት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አልነገርኳትም። እራት ላይ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

«አክስቴ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

ቀን ላይ ፓስተሩን አማክሬ ነበር። «ለእግዚአብሔር ነግረሽዋል አይደል? በቃ፣ የልጅቷን ቁስል አትነካኪ» አሉኝ። ለእግዚአብሔርማ ነግሬዋለሁ። የእሱ እናት አይደለችም የሞተችው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ነገርኳት። እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ በሰው ፊት። ቤት ቢሆን አልቅሼ እንዳትቆጣኝ አደርጋት ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ እናቷ «አንድ ነገር» ብላ የጀመረችውን፣ ወንበሩን፣ ደስ እንዳለኝ። ማንም አይዞሽ አላለኝም። ደንቡ የራሴ ነው። «ጨርሻለሁ» ስል ካፖርቷን ለብሳ ቆማ ነበር።

«እንግዲያው ተናግራ ነበር» አለች።

ማታውኑ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ጓደኛዋ ቤት ሄደች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

የፋርማሲ ጋዋኗ ገመዱ ላይ ደርቆ ቀርቷል። አንዱ ቁልፍ ላልቷል። አጠበቅኩት። ቤቱ ውስጥ የሚንፏቀቅ ነገር አለ... ወይስ የጎረቤት ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከስታለች።

«ጸሎቱን ታስታውሺዋለሽ?»

«ቃል በቃል።»

«ጸልዪው። እንዳለ፣ ሳትቀንሺ።»

ጸለይኩት። እሷ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ወንበሩን የሰማሁበት ቦታ ስደርስ አቆምኩ። ጠበቀችኝ። ቀጠልኩ። ያስረዘምኩትንም ጨምሬ።

«ስድስት ደቂቃ» አለች። «ከቤትሽ እስከ ወንዙ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል።»

«አዎ።»

«ዓይንሽን እንደገለጥሽ ብትሮጪ ትደርሺባት ነበር።»

«አዎ።»

አስተማሪዋ አፏን ከፈተች። ባለካፌዋ ከሥር እግሯን ሳትረግጣት አልቀረችም፣ መልሳ ዘጋችው።

ወደ ቤት ትመለስ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ግን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረን ሄድን። ከኋላችን ኮቴ ነበር። እሷም ዘወር ስትል አየኋት። ምን እንደሰማች አልነገረችኝም።

«ያን ቀን ምን ለብሳ ነበር?» አለች።

«አረንጓዴ ሹራብ።»

«እጅጌው የረዘመባትን?»

«እሱን።»

ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ቆመች። «ከዚያስ? ዓይንሽን ከገለጥሽ በኋላ ምን አደረግሽ?»

ይህን እዚህም አልጻፍኩትም ነበር።

«ሳህን አጠብኩ» አልኳት።

ወደ ጓደኛዋ ቤት የሚሄደው አውቶቡስ መጣ። አልተሳፈረችም።