መሃሉ ጨለማ የሆነ ብርሃን

ኅዳር 4
እንደ ሁልጊዜው ቀድሜ ቤተ ሙከራው ገባሁ። ሌዘሩን አበራሁ፣ መስታወቶቹን ጠረግኩ። ጨረሩ ካርቶኑ ላይ አረፈ... ክብ፣ መሃሉ ጨለማ። ቀለበት ነው የሚመስለው። ደስ ይላል።
መምሰል ብቻ ግን አይበቃም። የኔ ብርሃን ከመሃል ወደ ዳር መንዘር አለበት፣ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ። ያኔ በአንድ አቅጣጫ የሚነዝረውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ፊቱ ሳዞር ቀለበቱ ለሁለት ተከፍሎ ማጣሪያውን እየተከተለ ይዞራል። ዛሬ ዞረ... እስከ ግማሽ። ከዚያ የሆነ ሰው በር በኃይል ዘጋና በንዝረቱ ሁሉም ተበላሸ።
ማዶ ጠረጴዛ ላይ ያለው ባልደረባዬ፣ ዝምታው የምለው፣ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እሱም ቀለበት ይሠራል። የሱ ግን የሚነዝረው በጎማው ዙሪያ ነው።

ኅዳር 7
እማዬ እራት ላይ፦ "ለመሆኑ ስትሠሪ የምትውይው ምንድን ነው?"
ብርሃን ወዴት እንደሚወዛወዝ ነገርኳት። "ብርሃን ደግሞ ይወዛወዛል?" እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። "እሺ ልጄ። ብቻ ዓይንሽን ጠብቂ።"

ኅዳር 11
አለቃ መጡ። አዲስ ማሽን ሊገባ ስለሆነ ከሁለታችን የአንዳችን ጠረጴዛ ይነሳል። "ሁለቱንም አይቼ እወስናለሁ" አሉ። የተነሳበት ታች ወርዶ ያስተምራል። ማስተማር አልጠላም። ግን ሁለት ዓመት የለፋሁበት...

ኅዳር 16
ጨረሩን ለሁለት ከፍዬ መልሼ አገናኛለሁ። ሲገጥም ውብ ነው፤ ትንፋሽ ግን ይበትነዋል። ዝምታው ስስ መስታወት እንደ ዳቦ ቆራርሶ ክብ አድርጎ አጣብቋል። የሱ ንቅንቅ አይልም። መገጣጠሚያው ላይ ግን ጥቋቁር መስመር ይተዋል።

ኅዳር 19
የጨረሩ መንገድ ላይ ንዝረቱን የሚያዞሩ ሁለት ስስ የመስታወት ሰሌዳ ብናስገባ አንዱ ጨረር ወደ ሌላው ይቀየራል። ሽቦው ዙሪያ ይሆናል፣ ዙሪያውም ሽቦ። አንድ ጠረጴዛ ለሁለቱም ይበቃል ማለት ነው። እኔ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ታዲያ ለምን አፋችንን ለጎምን?
መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሁለታችንም የየራሳችንን ጠረጴዛ ማጣት አንፈልግም። አልወደድኩትም።

ኅዳር 27
አለቃ ሊያዩ መጡ። የኔ ለአፍታ አምሮ ጠፋ። የሱ እንደቆመ ቆመ። ወደኔ ዞሩ። አፌ ቀደመኝ።
"የሱ ጠረጴዛ ይቆይ፣ የኔ ይነሳ። ሁለት ሰሌዳ ቢጨመርበት የኔንም ሥራ ይሠራል።"
ከዚያ ዝምታው፦ "መስመሮቹን ግን ማጥፋት አቅቶኛል። ጨረር ማጥራት እሷ ናት የምትችልበት።"
አለቃ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። "እዚህ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ምን ስታወሩ ኖራችሁ?"
"ምንም" አልኩ። እውነቴን ነው።
"እንግዲያው ዛሬ ጀምሩ። ባንድ ጠረጴዛ።"

ታኅሣሥ 9
ጠረጴዛዬ ከተነሳ ሰነበተ። የዛን ቀን ትንሽ ከፋኝ። ወንበሬን ይዤ ማዶ ተሻገርኩ።
አሁን የሱ መስታወት ጨረሩን ይሠራል፣ እኔ በመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ አሳልፌ አጠራዋለሁ። መስመሮቹ ጠፍተዋል። ዛሬ በጨረሩ ስስ ብረት በሳን። በመቆንጠጫ ወደ መስኮቱ ይዣት አየሁ... ቀዳዳዋ ክብ፣ ጠርዟ ጥርት ያለ።
"እስቲ አምጪ።"
"ቀስ፣ ትኩስ ናት።"
የት ሰምቶኝ። ጣቱን ለበለበችው፤ እያራገፈ ሳቀ። ወፍራም ሳቅ፣ ከደረት የሚወጣ። ሁለት ዓመት አብሬው ስውል ሰምቼው አላውቅም ነበር።