ጨው ላገዱት ለጋሼ ጅራታ

ቁጥር 1/52
መቱ፣ ኅዳር 1952 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጅራታ ደበሳ
የቤታችን የምግብ ጉዳይ የበላይ አዛዥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ጨው

የተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እግርዎ ዛሬም አብጧል ወይስ ጫማዎ ገባልዎ? ሌሊት ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ሁለተኛውን ትራስ ይጨምሩ፤ ራስጌ ላይ እንዳስቀመጡት አለ፣ አልነካሁትም። እኔ ደህና ነኝ፤ ላሟም ደህና ናት።

ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በመለጠፌ እንዳይቀየሙኝ በትሕትና እለምናለሁ። በሕይወት ሳሉ አቤት እንዳልል ሐኪሙ "አታናድደው፣ ደም ብዛቱ ይነሳል" ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ እርስዎም ገና አፌን ስከፍት ደረትዎን ይዘው "ኩምሳ፣ ደሜ" ይሉ ስለ ነበር ብሶቴ ሁሉ ሳይነገር ተጠራቅሞ ቀረ። ባለፈው ወር ከቀበርንዎ ወዲህ ግን ደምዎ የሚነሳበት ምክንያት ስለሌለ፣ ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው ያለ ሥጋት አቀርባለሁ።

1ኛ/ ጨው የተከለከሉት እርስዎ፣ የተቀጣሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ክንድዎን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጨርቁን በአየር ነፍተው፣ "ልብዎ ደክሟል፣ ጨው ይተዉ" ባሉ ዕለት የእኔን ስም እንዳልጠሩ ከደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን በቤታችን ሁለት ድስት ቢጣድ እጅዎ ወደ እኔ ድስት መሄዱ እንደማይቀር በረጅሙ አስረድተው፣ ቤተ ክርስቲያን በሁዳዴ እንኳ የተወችልንን ጨው ከእኔም ላይ ነጠቁ። ጎደሬ አልጫ፣ ጎመን አልጫ፣ ባቄላ አልጫ፤ በመጨረሻ እኔም ራሴ በክፍሌ ተማሪዎች ዘንድ "አልጫው" ተባልኩ። ለላሟ ግን አሞሌ ይገዛላት ነበር። አንድ ቀን በረት ውስጥ ከእሷ ጋር ተራ ገብቼ አሞሌውን ስልስ በያዙኝ ጊዜ ስለ ሰጡኝ ምክር አመሰግናለሁ፤ ምክሩ እስኪያልቅ ላሟ የእኔንም ድርሻ ጨረሰችው። ቃሏን ሳትሰጥ በነጻ መለቀቋ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

2ኛ/ የሰፈራችን የቅጠልና የሥር መድኃኒት አዋቂ ኦቦ ሁንዴሳ ሐኪሙን አያምኑም፤ ሐኪሙም ኦቦ ሁንዴሳን አያውቋቸውም፤ ሁለቱ የተገናኙት በእርስዎ ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን መርጦ ሌላውን ይተው ነበር። እርስዎ ግን የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስለሆኑ ሁለቱ ባለሥልጣኖች ሳይስማሙ አልፈርምም አሉ። የኦቦ ሁንዴሳን ሥር ይዘው ሐኪም ቤት ሄደው ከክኒኑ ጋር ይጣላ እንደ ሆነ ጠየቁ፤ የሐኪሙን ክኒን ይዘው መጥተው ኦቦ ሁንዴሳን አስሸተቷቸው። በእንዲህ ያለ ምልልስ አንዱ ሥር ተጣለ፣ ሁለት ቅጠል ታገደ፣ ቅቤና በርበሬም አብረው ሄዱ። ሁለቱም ያለ ጭቅጭቅ ያጸደቁት ነጭ ሽንኩርት ብቻ ሆነ፤ እሱንም ጠዋት ጠዋት ጥሬውን፣ እኔም ለጓደኝነት ያህል። አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው መገርሳ በዚያው ሳምንት ሰሌዳው አይታየኝም ብሎ ወደ ፊት ወንበር ተዛወረ፤ ከወንጭፉ ወፍ እንደማያመልጥ እርስዎም ያውቃሉ። አግዳሚውን ወንበር እንደ ባላባት ብቻዬን ይዤ እንድማር ስላደረጉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

3ኛ/ ጎሬ ለሰርግ የተጠራን ዕለት የተቀቀለ ዱባ በምሳ ዕቃ ይዘው መሄድዎ ሳያንስ፣ የሙሽራዋ እናት ወጥ ይዘው ሲቀርቡ "ይቅርታ እትዬ፣ ጨው የጨመሩበት በማንኪያ ነው በእጅ?" ብለው ጠየቋቸው። ሴትዮዋ ምሳ ዕቃችንን ከፍተው አዩና አጠገባቸው ለነበሩት በኦሮምኛ "እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም" አሉ። እውነት ስለ ነበር እርስዎም የምሳ ዕቃውን ክዳን መልሰው ገጠሙ። እኔ ግን በዚያ መሐል አንድ ቁራጭ ሥጋ ስለ ዋጥኩ ይህን ቅሬታ በግማሽ ትቼዋለሁ።

4ኛ/ ይኸኛው ከባድ ነው። ሐኪሙ ጨው በከለከሉዎ ጊዜ፣ እርስዎ የሚቀጥለውን መስቀል እንደማያዩ ለአክስታችን ለእትዬ ተስፋነሽ ነግረዋቸው ነበር። እርስዎ ግን የሐኪሙን ምግብ ተቀብለው ቀጠሮውን አልተቀበሉም፤ ልብዎ የቆመው እኔን ከአራተኛ ክፍል ስምንተኛ ካደረሱኝ በኋላ ነው። ስለዚህ አለመታዘዝዎን ሳላመሰግን አላልፍም። ሆኖም ሹመትዎን ለማንም ሳያስረክቡ ሄዱ፤ ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። አሁን የእትዬ ተስፋነሽ እግር አብጧል። ያው ሐኪም ያንኑ "ጨው ይተዉ" የሚል ቃል ነግረዋቸዋል። እሳቸው ግን ከአጥራችን ማዶ ሆነው "ጅራታ አልጫ በልቶ ምን አተረፈ? እኔ ሶጊዳዬን በልቼ ልሙት" ይላሉ። ሶጊዳ ያው ጨው ነው፤ በኦሮምኛ ሲጠሩት ግን ሐኪሙ የከለከሉት አይመስላቸውም። ጎረቤቱም ጅራታን የገደለው አልጫው ነው እያለ ያግዛቸዋል። እኔ ላስረዳ ስሞክር ሂድ አጥና ይሉኛል። ከእሳቸው ሌላ የቀረኝ ዘመድ እንደሌለ እርስዎ ያውቃሉ፤ እሳቸው ግን የረሱት ይመስለኛል። ስለዚህ በአስቸኳይ ተመልሰው ትእዛዝ እንዲሰጡ፣ ይህ ባይመችዎ በሕልማቸው ገብተው እንዲቆጧቸው አመለክታለሁ። ከእንግዲህ ቢቆጡም የሚጎዳዎ ነገር የለም።

ለክብርዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣ ምላስ ከተፈጠረ ወዲህ እንደ እርስዎ ያለ ጠላት አጋጥሞት እንደማያውቅ በመመስከርና የማይቀረውን መልስዎን በመጠባበቅ፣

አልጫ ተገዢዎና ታናሽ ወንድምዎ
ኩምሳ ደበሳ
የስምንተኛ ክፍል ተማሪ

ግልባጭ፦
ለእትዬ ተስፋነሽ (ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው)
ለሐኪሙ
ለኦቦ ሁንዴሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ለአርባዎ የመጡት እንግዶች ትናንት ተሸኙ፤ በዚህ ቤት ብቻዬን ስነቃ ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያዬ ነው። ጨው ፍለጋ ሮጠ ብለው እንደሚጠረጥሩኝ አውቃለሁ፤ ጥርጣሬ የእርስዎ ጠባይ ነው። እኔ ግን እሳት አነደድኩ፣ ጎመንና ጎደሬ ቀቀልኩ፣ ድስቱን በአጥሩ ቀዳዳ አሳልፌ እትዬ ተስፋነሽ ፊት አስቀመጥኩት። ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደው ይህ በማን ትእዛዝ እንደ ተሠራ ጠየቁኝ። በጋሼ ጅራታ አልኳቸው። "ጅራታ ሞቷል እኮ፣ ልጄ" አሉኝ። ትእዛዙ ግን አልተሻረም አልኳቸው። ድስቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ እርስዎን በስምዎ እየጠሩ፣ እየረገሙ ግማሹን በሉት። የቀረውን ግማሽ እኔ በላሁ፤ እኔም አልተውኩዎትም።